ከፓይቻርም ሳይወጡ ፋይልን በሰብላይም ቴክስት መክፈት

ፓይቻርምን፣ የፓይተን ኮድ መጻፊያውን ፕሮግራም፣ አልጠላውም፣ ቀኑን ሙሉ የምሰራው በሱ ነው። ግን ትልቅ የሎግ ፋይል (ፕሮግራም የሰራውን የሚመዘግብበት) ሲሰጡት ይደክመዋል፤ ከ2.5 ሜጋባይት ካለፈ የኮድ እገዛውን ራሱ ያጠፋዋል። እኔ ደግሞ ፎልደር ለፎልደር እየዞርኩ፣ ያንኑ ፋይል ፈልጌ በሰብላይም፣ ቀለል ባለው የጽሑፍ ማረሚያ፣ ስከፍት ነበር የምውለው። ለካ በአንድ ቁልፍ ያልቅ ነበር። የምነግራችሁ በዊንዶውስ ነው።

ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤስን አንድ ላይ ተጫኑ። ሴቲንግስ ሲከፈት ቱልስ፣ ከዚያ ኤክስተርናል ቱልስ ግቡና የመደመር ምልክቷን ንኩ። ስም ስጡት። ፕሮግራም በሚለው ቦታ ሰብላይም የተጫነበት ፎልደር ገብታችሁ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ፣ ኤል ተብሎ የተጻፈውን ፋይል ምረጡ (እኔ "ሰብል" ነው የምለው፣ እንደ ጤፉ)።

አሁን ጣጣው መጣ፤ አርጊውመንትስ፣ ማለትም ሰብላይም ምን እንዲከፍት የምንነግርበት ቦታ። ኢንሰርት ማክሮ የሚለውን ተጭናችሁ ፋይል ፓዝን (የፋይሉን አድራሻ) አስገቡ። ከኋላው ኮለን (:)፣ ከኮለኑ ቀጥሎ ላይን ነምበርን (የመስመር ቁጥሩን)። እንዲህ ሲሆን ሰብላይም ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የቆማችሁበትን መስመር ጭምር ይከፍታል። ከዚያ ሁሉንም ከፊትና ከኋላ በድርብ ጥቅስ ዝጉት።

ይቺን ጥቅስ ንቄ ግማሽ ቀኔን በልታዋለች። ፕሮጀክቴ ያለበት ፎልደር "የኔ ስራ" ነበር የሚባለው፣ መሃሉ ላይ ስፔስ አለው። ቁልፉን ስጫን ሁለት ባዶ ታብ ይከፈታል፣ አንዱ "የኔ" የሚል ስም ይዞ። ፋይሌ ጠፋ ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። ሰብላይምን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ያው ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር፤ ጥቅስ ከሌለ አድራሻው ስፔሱ ላይ ለሁለት ይቆረጣል፣ ሰብላይም ደግሞ የሌለ ፋይል ክፈት ሲሉት አይጮህም፣ ባዶ ገጽ ይሰጣል። ጥቅሱንም ራሳችሁ ከኪቦርድ ጻፉት። ከወርድ ኮፒ የተደረገው የተጠማዘዘ ጥቅስ አይሰራም።

አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ኮንሶል የሚከፍተውን ምልክት አንሱት፣ አለዚያ በየጊዜው ከታች አንድ የማይረባ መስኮት ብቅ ይላል። ኦኬ በሉ።

ቀኝ ክሊክ አድርጎ ከሜኑ መክፈት ይቻላል፣ ግን ለዚያማ ምን አደከመን። እዚያው ሴቲንግስ ላይ፣ ቁልፍ የሚመደብበት ኪማፕ ውስጥ የሰጣችሁትን ስም ፈልጉና ያልተያዘ ቁልፍ ስጡት።