አንድ ጎኑ አልታዘዝ ያለውን ሰው ስናስታምም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ስትሮክ የመታው ሰው ያለበት ቤት አስታማሚ አይጠፋውም። ጎረቤቱ ይመላለሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ታማሚው በጋቢ ተጠቅልሎ ግድግዳ ጥግ ይተኛል፣ ውኃ ሲፈልግ ገና አፉን ሳይከፍት ብርጭቆው ይቀርብለታል። በፊዚዮቴራፒ ሙያዬ በየቤቱ ስዞር እንደታዘብኩት፣ የታማሚውን ማገገም ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ይኸው ርኅራኄ ነው፤ እንዲያርፍ ይፈቅድለታል፣ እንዲሠራ ግን አይፈቅድለትም።

ነገሩን ለመረዳት ጉዳቱ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ስትሮክ የሚከሰተው ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሥሩ ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። የግራው የአንጎል ክፍል የቀኙን ጎን፣ የቀኙ ደግሞ የግራውን ስለሚያዝ፣ የተጎዳው በአንድ ወገን ከሆነ የሚዝለው ተቃራኒው ጎን ነው። እጁና እግሩ በራሳቸው አልታመሙም፤ የሚያዛቸው አካል ትእዛዙን ማድረስ አቅቶታል። አንጎል ለዚያ ትእዛዝ ሌላ መንገድ የሚያበጀው ደግሞ እንቅስቃሴው ደጋግሞ ሲሞከር ነው።

«ምች ነው» ብሎ መጠበቅ

አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ድንገት ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር ምች ወይም ለካፊ ነው ብለው ቀኑን የሚያሳልፉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ጸበል መጠመቅ የእምነት ጉዳይ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ በሚገኝበት ቦታ፣ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ለሚመጣ ሰው ከዚህ ላይ የመንገዱ ጊዜ ይቀነሳል። ስለዚህ ታማሚው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ሥሩ መዘጋቱን ወይም ደም መፍሰሱን የሚለየው ሲቲ ስካን ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ አስፕሪን ማዋጥ ደም ለፈሰሰበት ሰው አደጋ አለው።

የደከመውን እጅ ይዞ መጎተት

በሥራዬ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ በጣም የሚያበሳጨኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱን የሚያመጣው ስትሮኩ ሳይሆን እኛው ነን። የትከሻ መገጣጠሚያ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ የክንዱን አጥንት በቦታው የሚይዙት በዋናነት በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። ጡንቻዎቹ ሲዝሉ የክንዱ ክብደት ራሱ አጥንቱን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ በአንዳንድ ታማሚዎች ትከሻ ጫፍ ሥር ጣት ቢያሳርፉ ክፍተቱ በግልጽ ይዳሰሳል። እዚያ ላይ ደግሞ እንግዳ ይመጣል። የንስሐ አባት ወይም የዕድሜ ባለጸጋ ሲገባ ተቀምጦ መቀበል ነውር ስለሚመስል፣ ሁለት ጎረምሶች ታማሚውን ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘው ወይም እጁን ስበው ያስነሡታል። ከሳምንታት በኋላ ታማሚው ሌሊት ሌሊት በትከሻ ሕመም እንቅልፍ ሲያጣ፣ ቤተሰቡ በሽታው የጠና ይመስለዋል።

ታማሚውን ማስነሣት የሚቻለው በሌላ መንገድ ነው። መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይርገጡ፤ ወገቡ ላይ ሰፋ ያለ መቀነት ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና፣ አስታማሚው በደከመው ጎን በኩል ቆሞ መቀነቱን ይያዝ፤ ታማሚውም ፊቱ ከእግሩ ጣቶች በላይ እስኪሆን ወደ ፊት አጎንብሶ ይነሣ። ሲቀመጥ የደከመው ክንድ ትራስ ላይ ይረፍ እንጂ አይንጠልጠል። ልብስ ሲለብስ የደከመው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲያወልቅ ደግሞ መጨረሻ ይወጣል፤ ይህችን አንዲት ልማድ የያዘ ቤት ትከሻን ከብዙ መጎተት ያድናል። እንግዳውንም ቢሆን፣ ታማሚው ተቀምጦ ቢቀበለው የሚቀየም አባት እስካሁን አልገጠመኝም።

«ይረፍ» ብሎ ማስተኛት

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ታማሚውን ደጋግሞ ለማስነሣት መሞከር እንደማይጠቅም በጥናት ታይቷል፤ ስለዚህ መቼ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከተረጋጋ በኋላ ግን መተኛት ያደክመዋል፤ ሳንባው ለምች ሳይሆን ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፣ እግሩ ላይ ደም ይረጋል፣ ዳሌውና ተረከዙ ይቆስላል። ራሱን ማገላበጥ የማይችለውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ይገባል።

አልጋው የተቀመጠበት ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በተለይ የቀኝ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎች ግራ ጎናቸውንና በግራቸው ያለውን ሁሉ እንደሌለ ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ የሳህኑን ቀኝ በልተው ግራውን ይተዋሉ፣ በግራ የቆመውን ልጃቸውን አያዩትም። ዓይናቸው ጤነኛ ነው፤ አንጎላቸው ነው ያላስተዋለው። የግራ ጎናቸው ወደ ግድግዳ ከዞረ ጭራሽ የሚጠራቸው ነገር አይኖርም፤ ስለዚህ ራዲዮኑን፣ ወንበሩንና ጠያቂውን ቀስ በቀስ ወደ ደከመው ጎን ማምጣት፣ እጃቸውን ነክቶ ከዚያ በኩል ማናገር ይመከራል።

ጉርሻ

አዘዞ አካባቢ የምከታተላቸው አንድ አባት ቀኝ እጃቸው ደክሟል፤ ጣቶቻቸው ግን ይጨብጣሉ፣ በመጠኑም ይዘረጋሉ። መሶቡ ሲቀርብ ሴት ልጃቸው «አባዬ፣ እኔ ላጉርስዎ» ብላ ከጎናቸው ትቀመጣለች። በግራ እጅ መብላት ስለሚያሳፍራቸው እሳቸውም እሺ ይላሉ። እንዲህ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሁለት ወር። በዚያ ሁሉ ማዕድ ላይ ቀኝ እጃቸው ምንም አልተሞከረም፤ አንጎልም የማይሞከረውን እጅ እየተወው ይሄዳል። እጁ ከሚችለው በታች የሚሠራው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ አቃተው፣ ቀጥሎ ላለመጠቀም ተማረ።

ልጅቷን የጠየቅኋት እጇን እንድትሰበስብ ብቻ ነበር። ለአባቷ ለብቻቸው ሳህን ቀረበ፤ በጋራ መሶብ ላይ ሰው እያየ መንቀጥቀጥ ያሸማቅቃልና። ሳህኑ እንዳይንሸራተት ሥሩ እርጥብ ፎጣ ተነጠፈ፤ ሽሮው ወፈር ብሎ ተሠራ፤ እንጀራው መጀመሪያ ተቆራርጦ ቀረበ፣ በኋላ ሳይቆረጥ። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሲበላ ሽሮው ጋቢያቸው ላይ ነበር፣ ልጅቷም ማየት አቅቷት ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። በአራተኛው ሳምንት ቁራሹን አፋቸው ጋ ማድረስ ቻሉ፤ ወጡ ዛሬም መንገድ ላይ ይንጠባጠባል።

አንጓውንና ጣቶቹን በመጠኑ ወደ ኋላ መዘርጋት ለሚችል ታማሚ፣ ደህናውን እጅ ለሳምንታት በጓንት ሸፍኖ የደከመውን በየቀኑ ለሰዓታት የማሠራት የታወቀ ሕክምና አለ፤ ይህ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሲኒ ከረከቦት ላይ ማንሣት፣ ሽንኩርት ከቅርጫት ወደ ቅርጫት ማዛወር፣ ሽሮ ሲሠፈር ጣሳውን መያዝ ይበቃል። ቁጥሩ ብዙ ይሁን፤ አሥር ጊዜ ሞክሮ ማቆም ልምምድ አይባልም። ኳስ ብቻ ማስጨበጥም እንዲሁ ጎደሎ ነው፤ ብዙዎቹ ታማሚዎች የሚቸገሩት እጃቸውን ለመዝጋት ሳይሆን ለመክፈት ነውና።

ማሸትና ማሞቅ

ለስላሳ ማሸት አይጎዳም። ወጌሻ ጠርቶ የደረቀውን ክንድ በኃይል ማስዘርጋት ግን ጅማት ይጎዳል፤ የጡንቻው መገተር ከአንጎል የመጣ ስለሆነ በጉልበት አይፈታም። በአንድ እግር ባት ላይ እብጠት፣ ሕመምና ሙቀት ከታየ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ማሸት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በፍጥነት ሐኪም ይየው። ትኩስ ውኃና ፍም ዳር ማስጠጋትም ሌላ ጣጣ አለው፤ ስሜቱን ያጣ እጅ ሲቃጠል አያሳውቅም።

መዋጥ ሳይፈተሽ ማጠጣት

የሚያስታምም ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው አጥሚት ነው። ስትሮክ ጉሮሮንም ሊያሰንፍ ስለሚችል፣ የመዋጥ ችሎታው በባለሙያ ሳይታይ ምግብም ሆነ መጠጥ መስጠት አይገባም፤ በተለይ እንደ ውኃ የቀጠነ መጠጥ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል። ሲጠጣ የሚያስለው ወይም ከጠጣ በኋላ ድምፁ እንደ ረጠበ የሚንኮራኮር ከሆነ አቁሙ። ሲፈቀድለትም በደንብ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ ይብላ፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ።

«ከዚህ በላይ አይሻለውም» ማለት

ፈጣኑ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ብዙ ቤቶች ግን ፍጥነቱ ሲቀንስ ልምምዱን ይተዋሉ፤ የደም ግፊቱም «ተስተካክሏል» ተብሎ መድኃኒቱ ይቋረጣል። ግፊቱ የተስተካከለው በመድኃኒቱ ነው። የሚጾም ሰው የሚውጥበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይመካከርበት፤ ለንስሐ አባቱም ቢነግራቸው ይረዱታል።

ልምምድ አልፈልግም የሚል፣ የሚያለቅስ፣ ሰው የሚሸሽ ታማሚ «ሰነፈ» ይባላል። ስትሮክ ከደረሰባቸው ሰዎች ሲሶ የሚሆኑት ድባቴ ያገኛቸዋል፤ ድባቴ ደግሞ ሕክምና አለው። ተግሣጹን ትታችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ከዘራውን በደከመው በኩል መስጠት

የደከመውን እግር ለመደገፍ ከዘራው በዚያው በኩል ይሁን የሚል ሐሳብ ለጊዜው ትክክል ይመስላል። ከዘራ የሚያዘው በደህናው እጅ ነው፤ ሲራመድም ከዘራውና የደከመው እግር አብረው ይቀድማሉ። ቁልቁለትና ደረጃ በበዛበት በጎንደር ሰፈር ደግሞ ቅደም ተከተሉን አስቀድሞ ማስተማር ያስፈልጋል፤ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርድ ከዘራውና የደከመው እግር ይቀድማሉ። አስታማሚው በደከመው ጎን በኩል ሆኖ ሲወጣ አንድ ደረጃ ከኋላ፣ ሲወርድ አንድ ደረጃ ከፊት ይቁም፤ የኮብልስቶኑን መንገድ ከመጀመራቸው በፊትም ነጠላ ጫማውን በሚታሰር ጫማ ይለውጡለት።