ጠጥተው በማሽከርከር የተከሰሱ ነርሶች ላይሰንሳቸውን የሚያጡባቸው ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በነርሲንግ ሆም፣ በሆስፒታልና በቤት ለቤት እንክብካቤ ከተሰማሩት መካከል የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ በሲ.ኤን.ኤ. (በረዳት ነርስነት) ጀምረው፣ ሌሊት እየሠሩ ቀን እየተማሩ፣ ኤል.ፒ.ኤን. (መለስተኛ ነርስ) ወይም አር.ኤን. (ሙሉ ነርስ) ለመሆን የበቁ ናቸው። ከሰርግ ወይም ከክርስትና ሲመለሱ በፖሊስ ቆመው ጠጥቶ በማሽከርከር፣ ሁላችንም ዲ.ዩ.አይ. በምንለው ወንጀል፣ የሚከሰሱም ከእነዚሁ መካከል አሉ። የነርሶችን የላይሰንስ፣ ማለትም የሙያ ፈቃድ፣ ጉዳይ በሚይዝ የሕግ ቢሮ ውስጥ ረዳት ሆኜ ስለምሠራ ወረቀቱ በእጄ ያልፋል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የየስቴቱም ሕግ ይለያያል። ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰሰ፣ ሰው ያልጎዳ፣ ሥራ ላይ ሳለ ያልጠጣ ነርስ ላይሰንሱን ሲያጣ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያች ምሽት በኋላ ያደረገው ወይም ሳያደርግ የተወው ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ።

“ዳኛው ለቀቁኝ፤ ጉዳዩ አልቋል”

አንድ እስር ቢያንስ ሦስት መዝገብ ይከፍታል፦ የወንጀል ችሎቱን፣ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤትና ላይሰንስ የሚሰጠውን የነርሶች ቦርድን። አንደኛው ሲዘጋ ሌላው አብሮ አይዘጋም። ሜሪላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰሰ ሰው ብዙ ጊዜ ፒ.ቢ.ጄ. የሚባለውን፣ ማለትም ዳኛው የጥፋተኝነት ፍርድ ሳይመዘግቡ በፕሮቤሽን (በክትትል ጊዜ) የሚያልፉትን ውሳኔ ያገኛል፤ በስቴቱም ሕግ ይህ እንደ ጥፋተኝነት አይቆጠርም። ነርሷ ከችሎት ወጥታ ለዘመድ ሁሉ “ነጻ ወጣሁ” ትላለች። ይሁን እንጂ ብዙ የቦርድ ቅጾች እንዲህ ያለውን ውሳኔም በስም ጠቅሰው ይጠይቃሉ፤ ቦርዱም በወንጀል ችሎት ከሚጠየቀው ባነሰ የማስረጃ ደረጃ የራሱን ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያው ዲ.ዩ.አይ. እንኳ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል የሚችል ሚስዲሚነር (ቀለል ያለ ወንጀል) ነው። በ10 ዓመት ውስጥ ሦስተኛው ሲሆን ወደ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ይሸጋገራል፤ በፌሎኒ የተፈረደበት የጤና ባለሙያ ላይሰንስ ደግሞ በዚያው ስቴት ሕግ መሠረት አስቀድሞ ክርክር ሳይሰማ ይታገዳል።

ቦርዱን የሚያሳስበው ይህ ሰው በሽተኛ አጠገብ ሲቆም አእምሮው ንቁ መሆን አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የትንፋሽ ምርመራው ቁጥር በቦርድ ፊት የሚነበበው በሌላ ዓይን ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች በሰውነት ውስጥ ላለው አልኮል ገደቡ 0.08 ነው፤ 0.09 ያሳየና 0.21 ያሳየ ሰው በችሎት ተቀራራቢ ክስ ሊቀርብባቸው ይችላል። ቦርዱ ግን 0.21 አይቶ፣ ፖሊሱ ደግሞ “ቀጥ ብሎ ይራመድና አጥርቶ ይናገር ነበር” ብሎ ከጻፈ፣ ለሰውየው ጥሩ ምስክርነት አድርጎ አይወስደውም። ያን ያህል ጠጥቶ አለመንገዳገድ ሰውነቱ መጠጥ መልመዱን እንደሚያሳይ ለነርስ ማስረዳት አያስፈልግም።

የመንጃ ፈቃዱን ቀነ ገደብ ማሳለፍ

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ 10 ቀን፣ ቴክሳስ 15 ቀን። መንጃ ፈቃዱ ጉዳዩ እስኪታይ እንዳይታገድ የሚፈልግ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀጠሮ መጠየቅ አለበት። ሌሊት ከሺፍት የሚወጣ፣ ወይም ከታማሚ ቤት ወደ ታማሚ ቤት በመኪና የሚዞር ነርስ መንጃ ፈቃዱን ካጣ፣ ቦርዱ ምንም ሳይለው ሥራውን ያጣል።

“ቦርዱ ከየት ያውቃል?”

ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ላይሰንስ ለማውጣት አሻራ ሰጥተናል። በብዙ ስቴቶች ያ አሻራ እንደተመዘገበ ይቆያል፤ ባለቤቱ እንደገና ሲታሰር ማስታወቂያው ለቦርዱ በቀጥታ የሚደርስበት አሠራርም አለ። ቦርዱ ሳያውቅ ቢቀር እንኳ ላይሰንሱ በሚታደስበት ጊዜ በቅጹ ላይ ጥያቄው ይጠብቃል፤ ከሥሩም ሐሰት መመለስ ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑን የሚገልጽ ቃል አለ፤ ነርሷም ፈርማበታለች። ጠጥቶ ማሽከርከር ስለ መጠጥ የሚነሣ ጉዳይ ነው፤ ፕሮግራም፣ ክትትል ወይም ማስጠንቀቂያ ሊያበቃው ይችላል። “አይ” ብሎ መፈረም ግን የታማኝነት ጉዳይ ይሆናል። ቦርዱ መድኃኒት ቆጥሮ የሚረከብን፣ የሰጠውንና ያልሰጠውን በቻርት የሚጽፍን ሰው ቃል ካላመነ በሌላ በምን ሊያምነው ይችላል? በመጠጡ ቀላል ማስጠንቀቂያ ሊያገኙ ይችሉ የነበሩ ሰዎች በዚያች አንዲት ምልክት ምክንያት ላይሰንሳቸው ሲታገድ አይቻለሁ፤ አሁንም አያለሁ።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ደግሞ ቅጹን ራሳቸው ያልሞሉት ናቸው። አንዲት ልምድ ያላት እህታችን ላይሰንሷን በየጊዜው የሚያድስላት ባለቤቷ ነበር፤ እሷ ሁለት ሥራ ትሠራለች፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ፈጣን ነው። እንደለመደው ሁሉንም “አይ” ብሎ ከፈለና ላከ። ክሷን ለመደበቅ ያሰበ ማንም አልነበረም፤ ጥያቄውን ያነበበ ሰው ነው የጠፋው። ለቦርዱ “ባሌ ነው የሞላው” ማለት ሌላ ሰው የይለፍ ቃሏን እንደሚያውቅና በስሟ እንደሚፈርም ማመን ሆነባት፤ ያንን ለማስተካከል የወሰደው ጊዜና ገንዘብ ከዲ.ዩ.አይ. ክሱ በእጅጉ በለጠ። ቅጹን የሞላው የቤተ ክርስቲያን ወንድም ወይም ወረቀት በመሙላት የሚታወቅ የሰፈር ሰው ሲሆንም ያው ነው።

ጥያቄውን ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል። አንዱ ስቴት የሚጠይቀው ጥፋተኛ ተብለው እንደሆነ ብቻ ነው፤ ሌላው ክስ ቀርቦብዎት እንደሆነም፣ ታስረው እንደሆነም ይጠይቃል። እድሳቱን ሳይጠብቅ ማሳወቅ የሚያስፈልግበትም አለ፤ ካሊፎርኒያ አር.ኤኖቿ የጥፋተኝነት ፍርድን በ30 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ታዛለች። ስለዚህ ጓደኛዬ በቴክሳስ እንዲህ አደረገች የሚለው ምክር ለሜሪላንድ አይሠራም። ላይሰንስ በሁለት ስቴት የያዘ ሰው ሁለቱንም ሕግ መጠየቅ አለበት።

አድራሻ አለማስተካከልና ፖስታ አለመክፈት

ቦርዱ ደብዳቤ የሚልከው በመዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ከዘመድ ቤት ወደ ጓደኛ ቤት፣ ከዚያም ወደ ራሱ አፓርታማ ሲዛወር ባንኩንና ስልኩን ይቀይራል፣ ቦርዱን ይረሳል። ደብዳቤው ለቀድሞ አብሮ አዳሪ ይደርሳል፤ የሚፈረምበት ከሆነ ማንም ሳይፈርምበት ይመለሳል፤ የመልስ ጊዜው ያልፍና ነርሱ በሌለበት ይወሰንበታል። ውሳኔውም ነርሲስ በሚባለው ለማንም ክፍት በሆነ የነርሶች መዝገብ ላይ ይወጣል። ብዙ ሆስፒታሎች ነርሶቻቸውን በዚያ መዝገብ ስለሚከታተሉ፣ የላይሰንሱን መታገድ ከባለቤቱ በፊት አለቃው የሚሰማበት ጊዜ አለ። ደብዳቤው ደርሷቸው ፈርተው ያልከፈቱትም አሉ። በእነሱ ልቆጣ አልችልም፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ሆኖም የተዘጋ ፖስታ ቀኑን አያቆመውም።

ለቦርዱ የሚጻፈው የማብራሪያ ደብዳቤ

ቦርዱ በራስ እጅ የተጻፈ ማብራሪያ ሲጠይቅ ሁለት ዓይነት መጥፎ ደብዳቤ ይመጣል። አንደኛው ፖሊሱን ይከሳል፣ ዘረኝነትን ያነሣል፣ “አንድ ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት” ይላል፤ ከጎኑ ግን 0.16 የሚል የምርመራ ውጤት ተያይዟል። ሁለተኛው በጸጸት ብዛት ሁሉንም ይናዘዛል፦ ትዳሩን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ አገር ቤት ስላለው ጦርነት፣ “ብዙ ጊዜ ለመርሳት እጠጣለሁ” እስከ ማለት ይደርሳል። ሁለተኛውን የጻፈ ሰው እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ለራሱ የምርመራ ውጤት ጽፎ ፈርሟል፤ ቦርዱም በዚያ መሠረት ወደ ግምገማ ይልከዋል። የሚሻለው አጭር፣ ከፖሊስ ሪፖርቱ ጋር የማይጋጭ፣ ምን እንደተፈጸመ፣ ፍርዱ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተደረገ የሚናገርና ከመላኩ በፊት ጠበቃ ያየው ደብዳቤ ነው። የቦርዱ መርማሪ ደውሎ “ትንሽ እንጨዋወት” ሲልም ለአባት ጓደኛ እንደሚመለሰው መመለስ ልማዳችን ነው። በትሕትና ጠበቃ ሳያማክሩ እንደማይናገሩ መግለጽ ድፍረት አይደለም።

“ፕሮግራሙ ውስጥ ገብተሽ ገላግይው”

ብዙ ስቴቶች የቅጣት አማራጭ የሚሆን የክትትል ፕሮግራም አላቸው፤ ቨርጂኒያ የጤና ባለሙያዎች ክትትል ፕሮግራም አላት፣ ቴክሳስም ቲ.ፒ.ኤ.ፒ.ኤን. የሚባል አላት። በእውነት መጠጥ ላሸነፈው ሰው እነዚህ ፕሮግራሞች ሕይወት ያድናሉ። በማኅበረሰባችን ጠጪ መባል ከመሞት የከፋ ስለሚመስለን ሊረዱ ይችሉ የነበሩ ባልደረቦቻችንን ሸፋፍነን ለጥፋት አሳልፈን ሰጥተናል። ነገር ግን አንድ ምሽት የተሳሳተና የመጠጥ ችግር የሌለበት ሰው፣ ምን እንደፈረመ ሳያውቅ ሲገባ ያለው መዘዝ ሌላ ነው። ዘወትር በስልክ መመዝገብ፣ በድንገት ስሙ ሲወጣ በራሱ ወጪ መመርመር ይጠበቅበታል፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት እንዳይሠራ፣ በኤጀንሲ እንዳይቀጠር፣ ያለ ተቆጣጣሪ ታማሚ ቤት እንዳይሄድ ይከለከላል። አንድ ጥሪ መርሳት እንደ ጥፋት ሊመዘገብ ይችላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በነርሶች የጋራ ላይሰንስ ስምምነት ውስጥ ስላሉ በአንዱ ላይሰንስ በሌላው መሥራት ይቻላል፤ እንዲህ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ነርስ ግን ይህን መብት ያጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ አሌክሳንድሪያ የሚሠራ ሰው በፈረመ ማግሥት ሥራ የለውም ማለት ነው።

ከገቡ ደግሞ የእኛን ቤት የሚመለከት ነገር አለ። ጠላ መጠጥ ነው። ለእናት ለአባት ዝክር የቀረበውም፣ ለጽዋ ማኅበር የዞረውም መጠጥ ነው። ብርዝም ከአደረ መፍላት ይጀምራል። የሽንት ምርመራው አልኮልን ለቀናት፣ ፔዝ የሚባለው የደም ምርመራ ለሳምንታት ያሳያል፤ “የቀመስኩት እማማ እንዳይከፋቸው ነው” የሚል ማብራሪያም ተቀባይነት የለውም። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫና የሳል ሽሮፕም እንደዚያው። ቁርባንን በተመለከተ የሚጨነቁ አሉ፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው፤ ይህንኑ አስቀድሞ ለፕሮግራሙ በጽሑፍ አሳውቆ መልሱን መያዝ ይበቃል።

ለአሠሪ ጨርሶ አለመናገር፣ ወይም ለሁሉም መናገር

የመቀጠሪያ ውሉንና የሠራተኛ መመሪያውን አውጥቶ ማንበብ ነው። ሠራተኛው መታሰሩን በተወሰኑ ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቅ የሚያዝዝ ከሆነ፣ ለኤች.አር. (ለሰው ኃይል ክፍሉ) በአጭር ጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። በሺፍት መቀያየሪያ ሰዓት ለመላው ፎቅ ማውራት ግን አያስፈልግም።

የኢሚግሬሽኑን ጉዳይ ለወንጀል ጠበቃው መተው

ዜግነት ያልወሰደ ነርስ አራተኛ መዝገብ አለው። በስቴት ሕግ ጥፋተኝነት ያልሆነው ፒ.ቢ.ጄ.፣ ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ወይም በቂ ፍሬ ነገር ተቀብሎ ዳኛውም ቅጣት ወይም ገደብ ከጣሉበት፣ በፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ ጥፋተኝነት ሊሆን ይችላል። በቪዛ ያለ ሰው ሳይፈረድበት በእስሩ ብቻ ቪዛው ሊሰረዝ እንደሚችል የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከ2015 ጀምሮ የሚከተለው መመሪያ ነው። በ2019 ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት ውሳኔ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ የዲ.ዩ.አይ. ፍርድ መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለ የሚያስገምት ሆኗል፤ ለዜግነት በሚያመለክት ሰው ላይም ይህ ይነሣበታል። የዜግነት ቅጹ የተፈረደበትን ብቻ ሳይሆን የታሰሩበትን ሁሉ ይጠይቃል፤ ለቦርዱ አንድ፣ ለኢሚግሬሽን ሌላ ታሪክ የጻፈ ሰው ሁለቱ ፋይሎች የሚገናኙበት ቀን ይመጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ ከአገር ስለመባረር ሊያስጠነቅቅ እንደሚገባ ወስኗል፤ ስለ ላይሰንስ የማስጠንቀቅ ግዴታ ግን አልጣለበትም። ስለዚህ ማንኛውንም ስምምነት ከመፈረም በፊት የላይሰንስ ጠበቃና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሰነዱን እንዲያዩት ማድረግ ይገባል። በራሳቸው ስም የሙያ ኢንሹራንስ የገዙ ነርሶች ውላቸውን ቢመለከቱ፣ ለቦርድ ጉዳይ የጠበቃ ወጪ የሚሸፍን አንቀጽ ብዙ ጊዜ ያገኛሉ፤ ሳያውቁት ከኪሳቸው የከፈሉ ብዙ ናቸው። በችሎትም አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ያሳፍራል ብለው በግማሽ ገባኝ ጥፋተኛ ነኝ ያሉ አሉ። በሆስፒታል ከሐኪም ጋር በእንግሊዝኛ መሥራት መቻል የዳኛን ቋንቋ መረዳት ማለት አይደለም።

ሰነዶቹን ሳያወጡ መቅረት

ፕሮቤሽኑ እንዳለቀ፣ የፍርድ ቤቱን ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ፣ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ ፍርድ ቤቱ ያዘዘውን የመጠጥ ትምህርት ማጠናቀቂያና የቅጣቱን ደረሰኝ በብዙ ቅጂ ማውጣት ይገባል። ከዓመታት በኋላ ወደ ሚኒሶታ ወይም ወደ ዋሽንግተን ስቴት ሲዛወሩ አዲሱ ቦርድ እነዚህኑ ይጠይቃል፤ በዚያን ጊዜ የድሮው ፋይል ወደ ማከማቻ ከሄደ እሱን ለማስፈለግ ወራት ይፈጃል፤ አዲሱ አሠሪ ደግሞ ላይሰንስ እስኪመጣ ቦታውን ይዞ አይጠብቅም።