በቺንኩዌ ቴሬ የወይን እርከን ላይ የፈረሰ ካብ መልሶ መካብ

በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ፣ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናትሳ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ የሚባሉ አምስት መንደሮች ገደል ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ፤ ቺንኩዌ ቴሬ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ወይናቸው የሚበቅለው ከባሕሩ ቀጥ ብሎ በሚነሣው ተራራ ላይ በተሠራ እርከን ነው። እርከኑን የያዘው ደግሞ ጭቃም ሲሚንቶም ያልነካው የድንጋይ ካብ ነው። ኮንሶን ያየ ሰው ሥራውን ወዲያው ይለየዋል። ካቡ ከሄደ አፈሩ ይከተላል፣ አፈሩ ከሄደ ወይን የለም።

ድንጋይ ከማንሣትዎ በፊት ካቡ ለምን እንደፈረሰ ይመርምሩ። የዱር አሳማ ሲቆፍር ጫፉን ይንደዋል፣ የቁጥቋጦ ሥር ድንጋይ ይፈለቅቃል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ከኋላ የታቆረ ውሃ ነው። ካብ አፈር ሲይዝ ውሃውን ማሳለፍ አለበት፤ ካላሳለፈ ውሃው ራሱ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2011 በጣለው ከባድ ዝናብ ቬርናትሳና ሞንቴሮሶ በጎርፍና በጭቃ ሲጥለቀለቁ፣ ጠጋኝ አጥተው የተተዉ እርከኖችም ተንሸራትተው ነበር። አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ፣ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ማዘጋጃ ቤቱንና ፓርኩን ይጠይቁ።

ጊዜው ክረምታቸው፣ ማለትም ብርዱ ወቅት ነው፤ ወይኑ ተለቅሞ ተክሉ እንቅልፍ ላይ ሳለ። ዝናብ እየመጣ ሰፊ ክፍል አይክፈቱ፤ በቀን የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ያፍርሱ። የለመደ ሰው ከአንድ ረዳት ጋር በቀን ከ2 እስከ 3 ካሬ ሜትር የካብ ፊት ይሠራል።

የሚያስፈልገው ዶማ፣ ዲጂኖ፣ አካፋ፣ የግንበኛ መዶሻ፣ ሲባጎ፣ ጓንትና ባሬላ ነው። (ባሬላ የሚለውን ቃል ያገኘነውም ከጣሊያንኛ ነው፤ እዚያም ያው ሁለት ሰው የሚሸከመው ነገር ነው።) መኪና ስለማይደርስ፣ ወይን የሚያመላልሰው ባለ አንድ ሐዲድ ትንሽ ባቡር በአጠገብ ካላለፈ በስተቀር ድንጋይ የሚንቀሳቀሰው በሰው ጉልበት ነው። ቁመቱ 1.5 ሜትር ለሆነ ካብ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ወደ 1 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይያዝ፤ ክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 ቶን ይደርሳል።

የተናደው ቦታ ግራና ቀኝ ያለውን የላላ ድንጋይ በደረጃ ደረጃ ያውርዱ። ቀጥ አድርገው ከቆረጡት አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይያያዝም፤ በሚቀጥለው ዓመት መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ድንጋዩን ሲያወርዱ ይለዩት፦ ትልልቁ ለመሠረት፣ ረጃጅሙ ለማሰሪያ፣ ጠፍጣፋና ከባዱ ለክዳን፣ ስብርባሪው ለሙሌት። ከካቡ ሥር ግማሽ ሜትር መቆሚያ ይተዉ።

መሠረቱን እስከ ዐለቱ ወይም እስከ ጠንካራው መሬት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይቆፍሩ። ስፋቱ ለ1.5 ሜትር ቁመት 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ 40 ይጥበብ። ወለሉን ወደ ተራራው አዘንብሉት፤ የኋላው ከፊቱ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ያኔ የድንጋዩ ክብደት ወደ ተራራው ይጫናል። የካቡን ፊትም በየ1 ሜትር ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ እንዲያጋድል ሁለት ካስማ ተክለው ሲባጎ ይወጥሩ።

ዋናው ሙያ ከዚህ በኋላ ነው። ድንጋዩን ረጅሙ ጎኑ ወደ ተራራው ገብቶ፣ አጭሩ ፊት ለፊት እንዲታይ ያስቀምጡት። ሰነፍ ካቢ ረጅሙን በፊት በኩል ያጋድመዋል፤ ቶሎ ይሞላል፣ ያምራልም፣ ግን ልጣጭ ነው፤ አንድ ከባድ ዝናብ ገሽልጦ ይጥለዋል። አንዱ ድንጋይ በሁለት ላይ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ይረፉ፤ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ከወረደ ካቡ እዚያ ይከፈላል።

እያንዳንዱን ድንጋይ ካስቀመጡ በኋላ ጥግ ጥጉን በመዳፍዎ ይጫኑ። «ቀጭ» ካለ አልተቀመጠም። ያንሡት፣ ያዙሩት፣ ሌላ ጎኑን ይሞክሩ። እንቢ ካለ ሽብልቁን ከኋላ በኩል ያስገቡ እንጂ ከፊት አይሰኩ፤ ከፊት የተሰካ ጠጠር ቀስ እያለ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ ላዩ ያለውም ይፈታል። ቁመቱ ወገብ ሲደርስ በየአንድ ሜትሩ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ ማሰሪያ ድንጋይ ያጋድሙ።

ከኋላ ያለውን ሙሌት እስከ መጨረሻ አያቆዩት። አንድ ረድፍ ሲያልቅ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ክፍተት ሹል ጠርዝ ባለው ስብርባሪ በእጅ ይሙሉ። በአካፋ ከወረወሩት ባዶ ቦታ ይቀራል። አፈር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ መውጫውንም ይደፍናል። ፊቱን በሲሚንቶ መለሰንም ያው ነው። ለዓይን የጠነከረ ይመስላል፤ ውሃው ግን መውጫ አጥቶ ጠቅላላውን ባንዴ ይዞት ይወርዳል። በዚህ ረገድ ለሲሚንቶ ምሕረት የለንም።

ክዳኑ ከባድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ አፈሩ ከእሱ በታች ይቁም። አዲስ ወይን የሚተክሉ ከሆነ ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ይራቁ፤ ሥሩ ካቡን እንዳይፈለቅቅ። ይህ ሁሉ ልፋት የሚያስገኘው ምርት ትንሽ ነው፤ ሻኬትራ የሚባለው ጣፋጭ ወይን የሚጠመቀው ዘለላው በነፋሻ ቤት ውስጥ ከደረቀ በኋላ ሲሆን፣ ከ100 ኪሎ ወይን ቢበዛ 35 ሊትር ያህል ቢወጣ ነው።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ተመልሰው ይዩት። ከግርጌው ጥርት ያለ ውሃ ከተንጠባጠበ ጥሩ ነው፤ ደፍርሶ ከወጣ አፈሩ በሙሌቱ ውስጥ እያለፈ ነውና ያንን ቦታ ከፍተው ስብርባሪ ይጨምሩ። ካቡ ሆዱን ከነፋ ደግሞ ከፊቱ ካስማ ተክለው ርቀቱን ይለኩ፤ በወሩ ከጠበበ ሳይወድቅ ያፍርሱትና ከመሠረቱ ይጀምሩ።