ቡልጋሪያ ለስኪ ስትሄዱ ቀናችሁን የሚበሉ ስህተቶች

ቡልጋሪያ ለስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ ለመንሸራተት፣ የሚሄድ ሰው የሚቸገረው ተራራው ላይ ሳይሆን ተራራው ጋ እስኪደርስ ነው። አራት ቀን ይዞ ሄዶ ሁለት ቀን ብቻ ተንሸራቶ የሚመለስ ብዙ ሰው አይቻለሁ። እኔም የመጀመሪያ ጉዞዬ እንደዚያ ሆኖብኛል። ከቴል አቪቭም ሆነ ከአውሮፓ ከተሞች ወደ ሶፊያ ለምትበሩ ወገኖቼ ይኼ እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተት ትኬት ቆርጦ ተራራውን በኋላ መምረጥ ነው። ርካሽ ትኬት ሲታይ እጅ ይፈጥናል። ግን ሦስቱ ዋና ዋና የስኪ ቦታዎች በሦስት የተለያዩ ተራሮች ላይ ናቸው። ቦሮቬትስ ያለው ሪላ ተራራ ላይ ነው፤ ከሶፊያ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ባንስኮ ከፒሪን ተራራ ግርጌ፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ፓምፖሮቮ ሮዶፔ ተራሮች ውስጥ ነው፤ ለእሱ የሚቀርበው አውሮፕላን ማረፊያ የሶፊያው ሳይሆን የፕሎቭዲቩ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ቦሮቬትስ ቢሄድ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ጊዜ ያለው ጀማሪ ፓምፖሮቮን ይምረጥ፤ ቁልቁለቱ አያስደነግጥም።

ሁለተኛው፣ በደረሱበት ቀን የስኪ ትምህርት መያዝ ነው። ሶፊያ ዙሪያዋን በተራራ የተከበበች ሜዳ ላይ ናት። በብርድ ወቅት ቀዝቃዛ አየር እዚያው ይተኛና ጉም ይጥላል። ጉሙ ሲበረታ አውሮፕላኖች ሌላ ከተማ ሄደው ያርፋሉ። ቀን የሚያርፍ በረራ ያዙ፤ የዚያን ቀን ሥራችሁ መድረስ ብቻ ይሁን። እሁድ ከሰዓት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስትመለሱም ሰፊ ጊዜ ስጡት። የሶፊያ ሰውም በዚያው ሰዓት ከተራራ ስለሚመለስ መንገዱ ይጨናነቃል።

የሶፊያ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ተርሚናል አለው። ሜትሮው የሚደርሰው ተርሚናል 2 ብቻ ነው። የሚቀበላችሁ ሰው ካለ የትኛው ተርሚናል እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን ቀን በደንብ ወደሚበላው ልምጣ። ባንስኮ ከተማው ታች፣ መንሸራተቻው ደግሞ ከፍ ብሎ ተራራው ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ጎንዶላ በእያንዳንዱ ካቢኑ ስምንት ሰው ይዞ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል በገመድ ይጓዛል። የበዓል ሰሞን ጠዋት ሰልፉ መንገዱ ድረስ ይወርዳል። እኔ አንድ ቀን ጫማና ስኪ ልከራይ ገብቼ ስወጣ፣ ሰልፉ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ሰው ሁሉ ስኪውን በትከሻው ይዞ፣ በዚያ ጠንካራ የፕላስቲክ ጫማ አስፋልቱን እያንኳኳ አንድ አንድ እርምጃ ይላል። ላይ ስደርስ ረፋዱ አልቆ ነበር። ዕቃችሁን ማታውኑ ተከራዩ፤ የሊፍት (ወደ ላይ የሚያወጣው ማጓጓዣ) ትኬትም ቀድማችሁ ግዙ።

ጫማ ስትለኩ አትቸኩሉ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ ጫፉን ነካ ያድርግ፤ ጉልበታችሁን አጠፍ ስታደርጉ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለስ። ልክ እሱ ነው። ብርድ ነው ብላችሁ ሁለት ካልሲ አትደርቡ። እግር ሲጨናነቅ ደም በደንብ አይዘዋወርም፤ ጭራሽ ይበርዳችኋል። አንድ ረዥም ካልሲ ይበቃል።

መኪና የምትከራዩ ደግሞ ጎማውን እዩ። ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 የብርድ ወቅት ጎማ ወይም ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ጎማ በሕግ ግዴታ ነው። ለአውራ ጎዳናው የሚከፈለው ቪኜት መከፈሉንም ጠይቁ።

የጉዞ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ መዝናናት ሌላው ስህተት ነው። ብዙዎቹ ስኪን የሚሸፍኑት ተጨማሪ ሲከፈል ነው፤ ከተከለለው መንሸራተቻ ውጭ የደረሰን ጉዳት የማይሸፍኑም አሉ። ውሉን አንብቡት። እግር የሚሰበረው ተራራ ላይ ነው፤ አውርዶ ማሳከም ደግሞ ብዙ ያስወጣል።

ቪዛውን በድሮው አትቁጠሩት። ቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ በአየር ለሚገባ ሰው ሼንገን ናት፤ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዷ ናት። ለንደን የምትኖሩ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ፣ የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን አያስገባችሁም። ገንዘቡም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዩሮ ሆኗል፤ ዘመድ የሰጣችሁን የድሮ ሌቫ ይዛችሁ ሱቅ አትግቡ።

የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቁልቁለት አናት ላይ ያሳስታል። ብዙ ቡልጋሪያውያን አዎ ሲሉ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ፤ አይደለም ሲሉ ደግሞ ወደ ላይ ነቅነቅ ያደርጋሉ። አሠልጣኙን "ይኼ ለጀማሪ ይሆናል?" ብላችሁ ስትጠይቁ ራሱን አትዩ፤ አፉን ስሙ። "ዳ" ካለ አዎ ነው፤ "ኔ" ካለ አይሆንም።