ዝግጁ የቤት ፕላን ከመግዛታችሁ በፊት

ባማረው የፊት ለፊት ምስል ብቻ አትወስኑ። መጀመሪያ የቦታችሁን ስፋት ለኩና ከወሰን መተው ያለበትን ርቀት ቀንሱ። ስፋቱ 12 ሜትር ሆኖ በግራም በቀኝም 2 ሜትር የሚተው ከሆነ፣ የምትገዙት ፕላን ከ8 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በክፍሎቹ ልኬት ነው። ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል 3 ሜትር ተብሎ የተጻፈ ክፍል፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ተሠርቶ በሁለቱም በኩል 2 ሳንቲ ሜትር ሲለሰን ውስጡ 2.76 ሜትር ብቻ ይሆናል። አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በዚህ ልኬት አስገብታችሁ ሞክሩ።

መሠረቱንና የብረት ሥራውን ግን በምንም ዓይነት እንዳለ አትቀበሉ። ፕላኑን የሣለው ባለሙያ የእናንተን አፈር አላየውም፤ ለጠንካራ መሬት የታሰበ መሠረት ውኃ ሲያገኝ በሚያብጥ ጥቁር አፈር ላይ ከወጣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። አፈሩን አስመርምራችሁ ውጤቱን ለስትራክቸር መሐንዲስ ስጡ። እሱ እንዲያስተካክለው ከፒዲኤፉ ሌላ የካድ ፋይሉንም (በኮምፒውተር ተከፍቶ የሚስተካከለውን የሥዕሉን ፋይል) ጠይቁ፤ አለዚያ እንደ አዲስ ማሣል ሊሆንባችሁ ነው። የመብራትና የውኃ መስመር ሥዕሎች መካተታቸውን፣ ፕላኑን ማሻሻል መፈቀዱንም ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ያዙ።