ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ማለት፦ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር የምንሠራቸው ስህተቶች

የትልቁ አንጀት ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ነው። ፖሊፑ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ 10 ዓመት ገደማ ሊወስድ ይችላል። ይህን ያህል ጊዜ እያለ ሰው ረፍዶበት ሐኪም ቤት ሲደርስ ያንገበግባል። ደሴም ኮምቦልቻም ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ፤ ከከባዱ ልጀምር።

ሳይታዩ «ኪንታሮት ነው» ማለት

ደሴ ፒያሳ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ወረፋ ስትጠብቁ ይህን ታያላችሁ። አንዱ ወደ መስኮቱ ጠጋ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኪንታሮት ቅባት አለ?» ይላል። ማን አየህ፣ መቼ ጀመረህ የሚለው የለም። ከፍሎ፣ ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ጫት የሚቅም ከሆነማ ነገሩ አለቀ። ጫት ሆድ ያደርቃል፣ ድርቀት ኪንታሮት ያመጣል፤ ለደሙ ምክንያት ተገኘለት ማለት ነው። በርጫ ላይ ጓደኞቹም «እኔም አለብኝ» እያሉ ያጽናኑታል።

ኪንታሮት ደማቅ ቀይ ደም ያሳያል። የፊንጢጣ ካንሰርም እንደዚያው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ሐኪም ጓንት አድርጎ በጣቱ የሚያደርገው ምርመራ ከአንድ ሁለት ደቂቃ አያልፍም፤ ታች አካባቢ ያለን ዕጢ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ሰው ግን ያፍራል። እባካችሁ አትፈሩ፣ ለሐኪሙ የዕለት ሥራው ነው። ሴት ሐኪም የምትፈልግ እህት ደግሞ ሳትሸማቀቅ ትጠይቅ። «ኪንታሮት እንነቅላለን» ከሚል ማስታወቂያ ግን ራቁ። ጠበሉም ዱዓውም አይቅር፤ ምርመራውን ግን አይተኩም።

የሚወጣውን አለማየት

የብዙዎቻችን ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፤ የወጣው አይታይም። ስለዚህ ወረቀቱን ወይም የምትታጠቡበትን ውሃ ልብ በሉ። ለሳምንታት የቆየ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነ ሰገራ፣ ከተነሱ በኋላም ያልጨረሱ መምሰል፣ ሳያስቡት መክሳት፣ እነዚህም ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ናቸው።

ሁሉን ነገር አሜባ ማድረግ

ሆድ በታመመ ቁጥር ሰገራ መስጠት፣ ከዚያ የአሜባ ክኒን መዋጥ ለምዶብናል። የተለመደው የሰገራ ምርመራ ግን በማይክሮስኮፕ ጥገኛ ተውሳክ የሚፈለግበት ነው። «ነጻ ነህ» ቢባል ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ክኒኑን ውጣችሁ ምልክቱ ከተመለሰ፣ ያንኑ ክኒን ደግማችሁ አትግዙ። ከአሜባ ውጭ ምን ሊሆን እንደሚችል ሐኪሙን ጠይቁት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ ለደም ማነስ ክኒን ወስዶ ዝም ማለት። በቀኝ በኩል ያለ የአንጀት ዕጢ ቀስ እያለ፣ ለዓይን ሳይታይ ይደማል። አባወራው የደሴን ዳገት ሲወጣ ያለከልካል፣ ልቡ ይመታል፤ «እርጅና ነው» ይባላል። በወንድ ላይ ወይም የወር አበባዋ በቆመ ሴት ላይ አይረን ካነሰ፣ ደሙ በየት እንደሚፈስ መፈለግ አለበት። ክኒኑ ብቻውን ምልክቱን ይሸፍነዋል።

ምግቡ ላይ

በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ ሶሴጅና ሞርታዴላ ያሉ የተቀነባበሩ ስጋዎችን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል። ቀይ ስጋን ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው አስቀምጦታል። የበሰለ ቀይ ስጋ በሳምንት ከ500 ግራም ባይበልጥ ይመከራል። እንደኔ እንደኔ ግን የብዙ ቤት ችግር የአረፋ ወይም የፋሲካ ስጋ አይደለም። ገንዘብ ሲገኝ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ንፍሮውንና ጎመኑን ትቶ ወደ ፉርኖ ዳቦና ፓስታ መሄዱ ነው። አንጀትን የሚጠቅመው አሰር ያለው እነዚያ ውስጥ ነው። ቆሎውንና በሶውን አትናቋቸው።

ሲጋራም መጠጥም አደጋውን ይጨምራሉ፤ ቢራ ይሁን አረቄ ለውጥ የለውም። ቦርጭና መቀመጥም እንዲሁ። ባጃጅ ሁሌ አያስፈልግም፤ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ በእግር ውረዱ።

ምልክት እስኪመጣ መጠበቅ

ፖሊፕ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ፣ ከታየ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል፤ ካንሰሩ ሳይጀመር ቀረ ማለት ነው። በአሜሪካ ምርመራው የሚጀመርበት ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዝቅ ብሏል፤ በወጣቶች ላይ እየበዛ ስለመጣ ነው። በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልግ የሰገራ ምርመራም አለ፤ እሱ በየዓመቱ ይደረጋል። እኛ ጋ ማንም ቤታችሁ መጥቶ ተመርመሩ አይልም፤ ራሳችሁ ጠይቁ። ያላችሁበት ጤና ተቋም ከሌለው ሪፈር ይጻፍልኝ በሉ።

የቤተሰብን በሽታ መደበቅ

ለቅሶ ላይ «በሆድ ሕመም አረፈ» ተብሎ ይታለፋል። ልጆቹ ምን እንደነበር ሳያውቁ ያድጋሉ። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት ይህ ካንሰር ከተገኘባቸው፣ የእናንተ ምርመራ በ40 ዓመት ወይም እነሱ ላይ ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ ይጀመራል፤ ከሁለቱ በቀደመው። አባት ላይ በ48 ዓመቱ ከተገኘ፣ ልጁ በ38 ይመረመራል።