አድሮ ቁጭ የሚል መርሴዲስ፦ ችግሩና መካኒኩ

ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው መኪና ጠዋት በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ይጠብቃችኋል። ሞተር ስታስነሱ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር እያጓራ ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ኤርማቲክ የሚባለው የአየር ሲስተም ያለው መርሴዲስ የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። መኪናው የሚቆመው በብረት ሞላ ሳይሆን አየር በተሞላ የጎማ ባሉን ላይ ነው።

ምክንያቱ

ብዙውን ጊዜ አየር እያፈሰሰ ነው። አንድ ጥግ ብቻ ከወረደ መጀመሪያ የዚያን ጥግ ባሉንና የቱቦውን መጋጠሚያ ጠርጥሩ። ሁለቱም የፊት ጎኖች እኩል ከወረዱ አየሩን የሚያከፋፍለው ቫልቭም ይታይ። ኮምፕሬሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌላው ጦስ ነው የሚደርስበት። የሚያፈስ ባሉን ሲሞላ ሲሞላ ይቃጠላል።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንድ ጋራዥ ሳይመረምር ኮምፕሬሰር ቀየረልኝ። መኪናው በማግስቱ ያው ቁጭ አለ። ሁለተኛው መካኒክ የሳሙና ውሃ በጠርሙስ ይዞ መጣ። የቀኝ ፊት ባሉን እጥፋት ላይ ሲረጭበት ትንንሽ አረፋ ተደርድሮ ወጣ። «ይኸው» አለኝ። የፈጀበት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

መፍትሄው

መጀመሪያ የሚለካ መካኒክ ፈልጉ። «በምን ማሽን ታየዋለህ?» በሉት። ርካሹ የብሉቱዝ ስካነር በአብዛኛው የሞተር ኮድ ብቻ ነው የሚያነበው። ለአየር ሲስተሙ የመርሴዲሱ መመርመሪያ ዜንትሪ ወይም ይህንኑ ክፍል የሚያነብ ማሽን ያስፈልጋል። ኮምፕሬሰር ይቀየር ካለም «ሪሌዩስ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የኮምፕሬሰሩን ኤሌክትሪክ የሚያበራውና የሚያጠፋው ማለት ነው። የተጣበቀ ሪሌይ አዲሱንም ያቃጥለዋል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይቀይረዋል።

ክሪክ ብቻ ደግፎ ከሥር የሚገባ ከሆነ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። አየሩ ድንገት ሊወጣ ይችላል። የሰው ሕይወት ነው።

ዕቃውን 17 ፊደልና አኃዝ ባለው የሻንሲ ቁጥር እዘዙ። ኤስ ክላስ 220 ላይ ለምሳሌ የፎር ማቲኩ (በአራቱም ጎማ የሚነዳው) የፊት ባሉን ከሌላው ይለያል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ባሉን መግዛትን እኔ አልመክርም፤ ጎማ በዕድሜም ይሰነጠቃል።

ከተሠራ በኋላ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ፣ መኪናው ይደር፣ ጠዋት እንደገና ለኩ። ቀሪውን ሂሳብ ከዚያ በኋላ ክፈሉ።